እማዬ፣ አትክፈቺ

ጭቃ ለካባም ለከረጢትም አያዳላም። አንድ ቀን ጠዋት የጭነት መኪና ኩሬውን ሰንጥቆ ሲያልፍ፣ መንገድ ዳር ታክሲ ስትጠብቅ የነበረችውን ወጣት ጠበቃ በክንዷ ላይ ጣል ካደረገችው ጥቁር ካባ ጋር አንድ ላይ ቀባት። እንዳታለቅስ ትልቅ ሰው ናት፤ እንዳትሳደብ የሕግ ሰው ናት። ከንፈሯን ነክሳ ዙሪያዋን ስትቃኝ፣ ከመንገዱ ማዶ ገመድ ሙሉ አንሶላ በነፋስ ሲውለበለብ አየችና "አጣቢ ካለ ተስፋ አለ" ብላ ተሻገረች።

ከአንሶላው ጀርባ እማማ ኪሴ ሳፋቸው ላይ አጎንብሰው ያሻሉ። ይህን ስም እናታቸው አላወጡላቸውም፤ ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። እማማ ኪሴ የሰው ልብስ ውኃ ከማስነካታቸው በፊት ኪሱን ይገለብጣሉ። ያገኙትን ሁሉ፣ ቁልፍም ይሁን ደብዳቤ፣ የጥርስ መጎርጎሪያም ይሁን ፎቶ፣ ሳያገላብጡና ሳያነቡ በባለቤቱ ቆርቆሮ ውስጥ ይከታሉ። መደርደሪያቸው ላይ የደንበኛ ሁሉ ቆርቆሮ ተደርድሯል፤ የብስኩቱ፣ የወተት ዱቄቱ፣ የቅባቱ። ከእሳቸው ቤት የጠፋ ነገር የለም፤ ከእሳቸው ቤት የወጣ ወሬም የለም።

"እማማ፣ እንደምን አደሩ? ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከሰዓት ችሎት አለኝ፤ ይኼን ለብሼ ብገባ ዳኛው ከነጭቃዬ ያስወጡኛል" አለች ጠበቃዋ ካባውን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ።

እማማ ኪሴ መጀመሪያ ካባውን አዩት፤ ቀጥለው ልጅቷን አዩዋት። የልጃቸው እኩያ ናት።

"ግቢ የኔ ልጅ። ጭቃ ሲደርቅ ይቦረሻል። እንዲህ እርጥብ ሆኖ ሳለ ከነካካሽው ግን ይሰርጋል፤ ከሰረገ ደግሞ እድሜ ልክ ነው።"

"ኧረ ይግባኝ እላለሁ!"

"አረፍ በይና በይ" አሉ እማማ ኪሴ። ሳቅ ያሉ ይመስላሉ፤ ከሳቁ ግን ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል።

ቤቱ አንድ ክፍል ናት። ካውያው ይሞቃል፤ ሳሙናው ይሸታል፤ ግድግዳው እርጥብ ነው። እማማ ኪሴ የካባውን ኪስ ገለበጡ፤ አንድ የታጠፈ ወረቀትና አንድ እስክሪብቶ ወጣ። ዓይናቸውን እንኳ ሳይጥሉበት ባዶ ቆርቆሮ ውስጥ ከተው ለልጅቷ አቀበሏት። ከዚያ ካባውን ካውያው አጠገብ ዘርግተው ሰቀሉት።

ጠበቃዋ ወንበሯ ላይ ሆና ቤቱን ቃኘችው። በሩ አጠገብ ምስማር ላይ በሰማያዊ ክር የታሰረ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ከቁልፉ ሥር በጠረጴዛው ላይ አንዲት ሳህን አለች፤ በሳህኗ ውስጥ ክብ ክብ ተደርጎ የተቆረጠ ጥሬ ድንች አድሮ ጠቁሯል።

"እማማ፣ ይኼ ለምሳ ነው?" አለች፤ ጠበቃ ሳይጠይቅ አይቀመጥም።

"ለዓይን ነው።"

"ዓይንዎን ያምዎታል እንዴ?"

እማማ ኪሴ አንሶላ አነሱ፤ አጠፉ፤ የታጠፈውን ዘርግተው እንደገና አጠፉ።

"ልጄ በያጅ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ቀኑን ሙሉ ከብረትና ከእሳት ጋር ሲፋጠጥ ይውላል። መነጽር ያደርጋል፤ ቢሆንም የዚያ ብርሃን ነገር በጎንም በኋላም ይገባል። ማታ ሲመጣ ዓይኑ ፍም ነው። እዚያ መደብ ላይ ጋደም ይላል፤ እኔ ድንቹን ቆርጬ ዓይኑ ላይ አደርግለታለሁ። ይበርድለታል። ዓይኑ ሲሸፈን ደግሞ አፉ ይከፈታል፤ ቀን የማይነግረኝን ሁሉ ያኔ ይነግረኛል። ስለ አለቃው፣ ስለ ጓደኞቹ፣ ስለ አንዲት ፀጉሯ ረጅም ልጅም ጀማምሮኝ ነበር፤ መጨረሻውን አልሰማሁትም።"

"አሁን የት ነው?"

"መንግሥት ቤት።"

ጠበቃዋ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነ ማለታቸው እንዳልሆነ፣ እስር ቤት ማለታቸው እንደሆነ ገባት። 

"ከሄደ በኋላም ድንቹን እቆርጣለሁ" አሉ እማማ ኪሴ። "እኔ አይደለሁም፤ እጄ ነው የሚቆርጠው። ቆርጦ ሲያበቃ ነው እኔ የማየው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ሲባል አልሰማሽም? ሲገባ ያፏጫል፤ በዚያ ፉጨት ስንቴ 'አቦ ጆሮዬን!' ብዬዋለሁ መሰለሽ። አሁን የጎረቤት ማንቆርቆሪያ ሲያፏጭ ብድግ እላለሁ።"

አንባቢ ሆይ፣ ናፍቆት እንዲህ ነው፤ ሰውን በማንቆርቆሪያ ያታልላል።

"በምን ተከሶ ነው እማማ?"

"አደንዛዥ ዕፅ ይዞ ተገኘ ተብሎ። ከነገ ወዲያ ችሎት ነው፤ እኔም ለምስክርነት ተጠርቻለሁ።"

"የመከላከያ ምስክር?"

"አይ፣ የዐቃቤ ሕግ ነኝ" አሉ፤ ድምፃቸው ኩራትም ኀዘንም አለበት። "በሩን በገዛ እጄ፣ በፈቃዴ እንደከፈትሁ እንድናገር። እውነት ነው፤ የከፈትሁት እኔ ነኝ። ሕግ ሲመጣ በር ይከፈታል። እኔ እንዲያ ነው ያደግሁት።"

ጠበቃዋ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ቀረበች። "እማማ፣ እኔ የልጅዎ ጠበቃ አይደለሁም። ምን ብለው ይመስክሩ ብዬም አልነግርዎትም፤ ምስክር ማስጠናት ነውር ነው። ግን ካባው እስኪደርቅ እንጨዋወት። ፖሊሶቹ ልጅዎን በምን ጠረጠሩት?"

"ዓይኑ ቀልቷል ብለው።"

ጠበቃዋ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው አፏን ያዘች። "ሌላስ?"

"ሲያዩት ፊቱን አዞረ ተባለ።"

"ለምን አዞረ?"

"ፀሐይዋ ፊት ለፊቱ ነበረቻ! እሳት ሲያይ የዋለ ዓይን ፀሐይ ይወዳል?"

"ከዚያስ?"

"እዚያው መንገድ ላይ ኪሱን ፈተሹት። መሐረብና ማስቲካ አገኙ።"

"እና በመሐረብና በማስቲካ እቤት ድረስ መጡ?"

"መጡ" አሉ እማማ ኪሴ። "ሁለት ነበሩ፤ ረጅሙ ፖሊስ ፊቱ ቀልቷል፤ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አይቶት የለ? ካፈርሁ አይመልሰኝ ብሎ መጣ እንግዲህ። 'የልጅሽን ክፍል ክፈቺ' አለኝ። ክፍሉ ይኸው ከዚህ ቤት ጎን ነው፤ በሩ ለብቻው ነው፤ ሥራ ሲሄድ ቁልፉን 'እማዬ፣ ያዢልኝ' ብሎኝ ነው የሚሄደው። ከፈትሁ። ከበሩ ጀርባ የሚሠራበት ጋራዥ ቱታ ተሰቅሏል። ከቱታው ኪስ በወረቀት የተጠቀለለች፣ ጥፍር የምታክል ነገር አወጡ። ዕፅ ናት አሉ፤ ናትም።"

"ቱታው የልጅዎ ነው?"

"የጋራዡ ነው አልሁሽ። እዚያ የእኔ ያንተ የለም፤ ጠዋት ቀድሞ የገባ ያገኘውን ይለብሳል። ለእጥበት ያመጣው ነው። የዚያን ሳምንት ኪሱን ሳልገለብጥ ቀደሙኝ። ነገርኳቸው እኮ! 'ለዳኛ ትናገሪዋለሽ' አሉኝ።"

"እና እርስዎ ምን ይላሉ? የልጅዎ ናት?"

እማማ ኪሴ ካውያውን አነሱ፤ ሳይተኩሱበት አስቀመጡት። "አላውቅም። እናት ነኝ፤ ከአላውቅም በላይ ማለት አልችልም። ካጠፋ ይቀጣ። አንቺ የሰፈራችንን ፀጉር አስተካካይ ልጅ አይተሽዋል? ግድግዳ ይዞ ነው የሚሄደው። እንደ ጧፍ ቀጥ ያለ ልጅ ነበር፤ ይኼ ዕፅ የሚሉት ጉድ አጣመመው። አባትየው የሰው ፀጉር እየቆረጠ በመስታወቱ ውስጥ ልጁን ያያል፤ ያለቅሳል። እና ፖሊስ ገብቶ ቢፈትሽ ምን ነውር አለው? እኔ ያሳደገኝ ቃል አንድ ነው፦ ንጹህ ሰው በሩን አይዘጋም።"

ይህ ቃል ያማረ ቃል ነው፤ ብዙ ሰው ሲናገረው ደረቱን ይነፋል። ችግሩ፣ በሩ የሌላ ሰው ሲሆን ለመናገር ይበልጥ ይቀላል።

ጠበቃዋ ቆርቆሮዋን አነሳችና ወረቀቷን አውጥታ አሳየቻቸው። "እማማ፣ ይኼን ለምን አላነበቡትም?"

"ያንቺ ነዋ!"

"ሚስጥር የለበትም፤ የዕቃ መግዣ ማስታወሻ ነው፤ ሻማ፣ ክብሪት፣ የጫማ ማሰሪያ።"

"ይሁና! ልብስሽን ነው የሰጠሽኝ፤ ሆድሽን አልሰጠሽኝም። አንዷ ጎረቤት አንድ ቀን መጥታ 'የባሌን ቆርቆሮ ያሳዩኝ፤ አካሄዱ አላማረኝም' አለችኝ። 'ባልሽን ጠይቂው፤ እኔ ዘንድ ያለው ሸሚዙ ነው' ብዬ መለስኋት። ተቀይማ ልብሷን ሌላ ቦታ ወሰደች። ባልየው ግን እስካሁን ደንበኛዬ ነው" አሉና ትንሽ ፈገግ አሉ።

"እሺ፣ በኪሴ ውስጥ መርዝ ቢኖርስ? ቢላ ቢኖርስ?"

"መርዝ ይሸታል፤ ቢላ ይወጋል። ከሸተተኝ ወይ ከወጋኝማ ሰፈር እስኪሰማ እጮኻለሁ። ያልሸተተኝን ያልወጋኝን ግን ምን አስገላበጠኝ?"

ጠበቃዋ በጭኗ ላይ እጇን ጣል አደረገች። "እማማ፣ እኔ አምስት ዓመት ተምሬ ያገኘሁትን እርስዎ በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። ሕጉም የሚለው ይኼንኑ ነው። ፖሊስ የሸተተው፣ ያየው፣ ከታመነ ሰው የሰማው ነገር ካለ ዳኛ ፊት ቀርቦ 'ይኼን አይቻለሁና ልግባ' ይላል፤ ዳኛው ያመዛዝናል፤ ትእዛዝ ይሰጣል። ሰው 'ድረሱልኝ' ብሎ ሲጮህ ከሰማ ወይም ወንጀለኛ እያባረረ ከሆነማ ዳኛም አይጠብቅ፤ ይግባ። ያላየ፣ ያልሸተተው፣ ያልሰማ ግን ምን ብሎ ይገባል? እስቲ ያ ረጅሙ ፖሊስ ያን ቀን ዳኛ ፊት ቆሞ 'ጌታዬ፣ የአንድ በያጅ ዓይን ቀልቷልና ቤቱን ልበርብር' ሲል ይታይዎት።"

እማማ ኪሴ ታያቸው። ኀዘኑ ይዟቸው እንጂ ሊስቁ ነበር። "ዳኛው 'የበያጅ ዓይን ምን እንዲሆንልህ ነው የፈለግኸው፣ አረንጓዴ?' ይለዋል።"

"ይለዋል! ፖሊሱም አፍሮ ይመለሳል፤ ልጅዎም ማታ ድንቹን ዓይኑ ላይ አድርጎ ስለዚያች ፀጉረ ረጅም ይጨርስልዎት ነበር። ዳኛ የሚስቅበት ምክንያት ነው ልጅዎን ያሳሰረው።"

በካውያው ሙቀት ከካባው እንፋሎት ይወጣ ጀመር። እማማ ኪሴ ተነሥተው አገላበጡት፤ ጀርባቸውን ለልጅቷ እንደሰጡ ተናገሩ።

"ግን እኮ ተገኘ! ምክንያት ከሌላቸው እንዴት ተገኘ? ያገኙት ነገር አያጸድቃቸውም?"

"እስቲ ለዚያች ጎረቤትዎ ቆርቆሮውን ከፍተው አሳይተዋት ነበር እንበል። የሌላ ሴት ፎቶም ተገኘ እንበል። 'ይኸው፣ ከፍቼ ማሳየቴ ልክ ነበር' ይሉ ነበር?"

"ኧረ በስመ አብ! ማሳየቴ ጥፋት የሆነው ገና ስከፍተው ነው እንጂ። ከከፈቱት በኋላማ ከየትኛው ቆርቆሮ ነው ነገር የማይወጣው!" አሉ። የተናገሩት ነገር ለራሳቸው ጆሮ ዘግይቶ ደረሰ።

ጠበቃዋ አልቸኮለችም። በርጋታ ቀጠለች። "የፀጉር አስተካካዩ ልጅ እኔንም ያሳዝነኛል፤ ፖሊስ ይተኛ አላልሁም። ግን ያን ቀን ሁለት ፖሊስ የልጅዎን ፍራሽ ሲያገላብጥ፣ ለዚያ ልጅ የሚሸጥለት ሰው የት ነበር? ዓይኑ የቀላውን ሁሉ ሲያሳድዱ ሻጩ በአጠገባቸው ሰላምታ ሰጥቶ ያልፋል። ምክንያት ፈልግ ሲባል ፖሊስ ያያል፤ ይከታተላል፤ ይጠይቃል። እንዲያው ግባ ሲባል ግን በሩ የሳሳውን ደሃ ቤት ብቻ ያንኳኳል። ይኼ ሕግ የሌባ መደበቂያ አይደለም እማማ፤ የፖሊስ መነጽር ነው።"

"መነጽር..." አሉ እማማ ኪሴ።

"አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ልጅዎ ያን ቀን አጠገብዎ ነበር?"

"እጁን ይዘውት ቆሞ ነበር።"

"ምንም አልተናገረም?"

ካውያው ጠረጴዛው ላይ ተረስቶ የሚቃጠል አንሶላ ሽታ ተነሣ። እማማ ኪሴ ብድግ አድርገው አነሡት፤ አንሶላው ላይ የካውያ ቅርጽ ቡናማ ሆኖ ቀርቷል። በሥራ ዘመናቸው ሁሉ የሰው ልብስ አቃጥለው አያውቁም። ቁጭ አሉ። እንባቸው ሲመጣ አልከለከሉትም።

"ይኼን ለማንም አልተናገርሁም" አሉ። "ለእሱ ብዬ ነው የደበቅሁት። 'እማዬ፣ አትክፈቺ' አለኝ። አልጮኸም፤ አልተራገጠም። ቀስ ብሎ 'እማዬ፣ አትክፈቺ፤ መጀመሪያ ትእዛዝ ያሳዩን' አለኝ። እኔ 'ዝም በል! ሰው ምን ይለናል፣ ንጹህ ሰው ምን ይፈራል!' አልሁና ገፋ አድርጌው አለፍሁ። ሻሼን አስተካክዬ፣ ለፖሊሶቹ ወንበር ጠርጌ፣ በሩን ከፈትሁ። ሲያወጡት አየኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ልብሱን አጥቤ እስር ቤቱ በር ላይ አድርሼ እመለሳለሁ፤ ግቢና እይው ሲሉኝ እግሬ እንቢ ይላል። ናፍቆቱ ያቃጥለኛል፤ ያ ዓይን ግን..."

 ጠበቃዋ እጃቸውን ያዘች፤ በሳሙና የተሸበሸበ እጅ ነው።

"ለምን ደበቁት?"

"'አትክፈቺ' ማለቱን ከነገርኋቸው፣ 'ይኸው! የደበቀው ነገር ባይኖር ለምን ይከለክላል?' ይላሉ ብዬ ነዋ። በራሴ አፍ ልፍረድበት?"

"እማማ፣ በሬን አትክፈቱ ማለት ጥፋት አይደለም፤ መብት ነው። ሕጉ እንቢ ያለን ሰው እንደ ጥፋተኛ አይቆጥርም። ደግሞ ቁልፉን ሲሰጥዎት ምን ብሎ ነው ያሉኝ? 'ያዢልኝ' ነው 'ክፈቺላቸው'?"

"ያዢልኝ።"

"አደራ ነዋ። ደንበኛዎ ሸሚዙን ሲሰጥዎት ሆዱን እንዳልሰጠዎት ሁሉ፣ ልጅዎም ቁልፉን ሲሰጥዎት በሩን አልሰጠዎትም። ባለቤቱ እዚያው ቆሞ አይሆንም እያለ የሌላ ሰው እሺታ ምን ያደርጋል?"

እማማ ኪሴ መደርደሪያቸውን አዩ፤ በቆርቆሮ ላይ ቆርቆሮ። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ኪስ ዕድሜ ልካቸውን ጠብቀዋል። የልጃቸው ኪስ ሲሆን ግን ወንበር ጠርገው ከፈቱ።

"ከነገ ወዲያ ምን ልበል?" አሉ።

"እሱን አልነግርዎትም። ያዩትንና የሰሙትን ብቻ፤ አንድም ሳይጨምሩ፣ አንድም ሳይቀንሱ።"

ካባው ደረቀ። እማማ ኪሴ ቦርሸው፣ ተኩሰው አለበሷት፤ አንገቷ ላይ ሲያስተካክሉላት ለልጃቸው የሚያስተካክሉ ይመስሉ ነበር። ጠበቃዋ በሩ ላይ ደርሳ፣ "እማማ፣ የልጅዎ ጠበቃ ማን እንደሆነ ካወቁ ዛሬውኑ ያግኙት" አለች። እሳቸውም ሳፋውን እንደተነከረ ትተው፣ ሻሻቸውን እንኳ ሳያስተካክሉ ወጡ።

በችሎቱ ቀን እማማ ኪሴ ምስክር ሳጥን ውስጥ ቆሙ። ዓይናቸውን አቀርቅረው ነው የገቡት። ዐቃቤ ሕጉ ሱፉ የተተኮሰ፣ ድምፁም የተተኮሰ ሰው ነው።

"በሩን የከፈቱት በገዛ እጅዎ ነው?"

"አዎ።"

"ያስገደደዎት አለ?"

"የለም።"

"ጨርሻለሁ" ብሎ ተቀመጠ፤ ፊቱ ላይ ያለው እርካታ ዳቦ ይገዛል።

የልጃቸው ጠበቃ ተነሣ። "ክፍሉ የማን ነው?"

"የልጄ።"

"በሩ ሲከፈት ልጅዎ የት ነበር?"

"አጠገቤ።"

"ምን አለ?"

እማማ ኪሴ ያን ጊዜ ቀና አሉ። ልጃቸው ከተከሳሽ ሳጥን ውስጥ እያያቸው ነው። ከስቷል። ያን ቀን በሩ ላይ ያያቸው ዓይን ነው የሚያያቸው፤ አሁን ግን አልሸሹትም።

"'እማዬ፣ አትክፈቺ' አለኝ" አሉ። "እኔም ሰማሁ፤ ፖሊሱም ሰማ። ቁልፉን ልጄ የሰጠኝ እንዳስቀምጥለት ነው። እኔ ግን የሰው አፍ ፈርቼ አደራውን በላሁ። ንጹህ ሰው በሩን አይዘጋም ብዬ ነበር። ንጹህ ሰውም በር እንዳለው ግን አላወቅሁም።"

ረጅሙ ፖሊስ ቀጥሎ ቆመ። ዳኛው ራሳቸው ጠየቁት።

"ምን አይተህ ነው ወደ ቤቱ የሄድኸው?"

"ዓይኑ ቀይ ነበር ክቡር ዳኛ።"

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። መዝገብ ሲያነብ የኖረ ዓይን ነው፤ ከበርበሬ አይተናነስም። "እንደዚህ?" አሉት። ፖሊሱ ወዴት እንደሚያይ ጠፋው። ችሎቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሳቁን ዋጠ፤ አንዷ ሴትዮ ብቻ መዋጥ አቅቷት በሳል አስመሰለችው።

ውሳኔው አጭር ነበር። ብርበራው የተደረገው ያለ ትእዛዝ ነው፤ በቂ ምክንያት አልነበረውም፤ ባለቤቱም ፊት ለፊት ተቃውሟል። እናት የልጇን ቁልፍ መያዟ ፈቃዱን መያዟ አይደለም። በዚህ መንገድ የተገኘ ነገር በማስረጃነት አይቀርብም። ሌላ ማስረጃ ስለሌለ ተከሳሹ በነጻ ይሰናበት።

ልጁ ያን ቀን ማታ ቤት ገባ። አላፏጨም። እማማ ኪሴ ድንቹን ቆርጠው ጠብቀውታል። መደቡ ላይ ጋደም ሲል መብራቱን አስጠግተው ጎንበስ አሉና ዓይኑን አዩት። ነጭ ነው። ስንት ወር እሳት ያላየ፣ ፀሐይም እንደልቡ ያላየ ዓይን፣ እንደ አዲስ አንሶላ ነጥቷል። ነጭ ነገር ሲያዩ የሚደሰቱ ሴት፣ ያን ነጭ ሲያዩ መብራቱን መልሰው አራቁት።

"ምነው እማዬ?"

"ይኼን ነጭ እኔ አላጠብሁትም" ብለው አለቀሱ። ልጁም አለቀሰ። ድንቹ ሳህኑ ላይ እንደገና ጠቆረ፤ ለመጨረሻ ጊዜ።

ያቺ ወጣት ጠበቃ ያለችውም አልቀረም። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ፖሊስ ሲመጣ ሰው አይሳደብም፤ አይሸሽም፤ ወንበር ጠርጎም በር አይበረግድም። "ጌታዬ፣ እንደምን ዋሉ? ትእዛዝ ይዘዋል? ምን አይተው ነው?" ይላል በትሕትና። ፖሊሶቹ መጀመሪያ ፊታቸው ጠቆረ፤ እየቆየ ግን ለመዱት። ምክንያት ማምጣት ግድ ሲሆንባቸው ማየት ጀመሩ። ሲያዩ ሰንብተው፣ ሰው ጠይቀው፣ ዳኛ አስፈቅደው አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ የአንዱን ቤት አንኳኩ። ለፀጉር አስተካካዩ ልጅ የሚሸጥለት እሱ ነበር፤ ዓይኑ እንደ ወተት የነጣ፣ ሰላምታው የጣፈጠ፣ ጫማው የተወለወለ ሰው። ትእዛዙን አንብቦ በሩን ራሱ ከፈተ። እማማ ኪሴ ከአንሶላቸው ጀርባ ሆነው አዩና "እንዲህ ነው እንጂ" አሉ። እንዲህ ሲሆን ሌባው አያመልጥም፤ ንጹሑ አይዋረድም፤ ፖሊሱም በዳኛ ፊት ወዴት ልይ አይልም። የፀጉር አስተካካዩ ልጅ እስካሁን ግድግዳ ይዞ ነው የሚሄደው፤ ግን ከቤት አውጥቶ የሚሸኘው አባቱ ነው።

በያጁም ወደ ብረቱ ተመለሰ። አንድ ማታ ከሩቅ ፉጨት ተሰማ። እማማ ኪሴ "ማንቆርቆሪያ ይሆናል" ብለው ራሳቸውን ሊያታልሉ ሞከሩ፤ ሆኖም እጃቸው ድንች ይዞ ነበር። ልጁ ገባ፤ ዓይኑ ፍም መስሏል። እናት ለልጇ ዓይን መቅላት ምስጋና ስታቀርብ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ያን ቀን ይመስለኛል።

ጋደም አለ። ድንቹን ዓይኑ ላይ አደረጉለት። 

"እማዬ" አለ፣ "ያ ቱታው ኪስ ውስጥ የተገኘው ነገር..."

"አልጠየቅሁህም" አሉ ቶሎ ብለው። "ኪስህ የራስህ ነው።"

"አውቃለሁ። አልጠየቅሽኝም። ራሴ ልክፈትልሽ ብዬ ነው።"

እማማ ኪሴ ወንበራቸውን አስጠጉ። ልጁ ዓይኑ እንደተሸፈነ ነገራቸው፤ ከዚያም ስለዚያች ፀጉሯ ረጅም ልጅ የጀመረውን ጨረሰላቸው። እሳቸውም ሰሙ፤ አንዴ ተከዙ፤ አንዴ በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

ምን አላቸው? ለሚል ሰው መልሱ አጭር ነው። እሱ ቆርቆሮው ውስጥ ነው።